ደረጃው ሥር የቆመው ዊልቸር

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። እናቴ ከአምስት ወር በፊት፣ እሑድ ጠዋት፣ ቡና ልታፈላ ከሰል እያያያዘች ሳለ ወደቀች። ሆስፒታል ስናደርሳት ስትሮክ ነው አሉን። አሥራ ሰባት ቀን ተኝታ ወጣች። ንግግሯ ተመልሷል፤ ቁጣዋም አብሮ ተመልሷል። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ግን እስካሁን እሺ አላላትም።

ከቂርቆስ ቤቷ አንስቼ እኔ ዘንድ፣ ጀሞ አምጥቻታለሁ። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቀን ቀን የአክስቴ ልጅ ታግዘኛለች፤ ማታ እኔ ነኝ። በቀን አራት ዳይፐር ይሄዳል። ጓንቱ፣ ፋሻው፣ የግፊት መድኃኒቱ ሲደመር ባለፈው ወር የደመወዜ ግማሽ እዚያው አለቀ። ሰሞኑን ደግሞ ከወገቧ ዝቅ ብሎ ቅላት አየሁ። አንዲት ነርስ የአየር ፍራሽ ግዢላት አለችኝ። የሕክምና ዕቃ መሸጫ ገባሁ፣ ዋጋውን ጠየቅሁ፣ «እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ከእኛ ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩ እናት ባለቤታቸው ባለፈው ዓመት አርፈዋል። የእሳቸው ዊልቸር ታጥፎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ፣ በሲባጎ ታስሮ ደረጃው ሥር ቆሟል። በቀን ሁለት ጊዜ በአጠገቡ አልፋለሁ። ስወጣም ስገባም አየዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አፌን ከፍቼ መጠየቅ አልቻልኩም። የሟች ዕቃ እንዴት ይጠየቃል?

ወንድሜ በበኩሉ ቪዲዮ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ እንልቀቅና ሰው ይርዳን ይላል። እናቴ ሰማችና ያን ማታ እራቷን አልበላችም። «ሳልሞት ለቅሶ ልትጠሩብኝ ነው ወይ?» አለችን። ለሃያ ምናምን ዓመት የእድሯ ገንዘብ ያዥ ነበረች። እድሩም እንዳይሰማ አጥብቃ ከልክላኛለች፤ «ስንቱ ችግረኛ በእኔ እጅ አልፏል፤ አሁን እኔ ልሰለፍ?» ትላለች። አሜሪካ ያለች ዘመዳችን ለገና ስመጣ ምን ላምጣ ብላለች፤ ምን እንደምላት አላውቅም።

እነዚህ ዕቃዎች በርካሽ ወይም በእርዳታ የሚገኙት የት ነው? እሷን ሳላሳፍር እንዴት ልጠይቅ? ወንድሜንስ ምን ልበለው?

የእናቷ ልጅ፣ ከጀሞ

*

የእናቷ ልጅ፣

«እመለሳለሁ» ብለሽ የወጣሽበትን በር አውቀዋለሁ። አባቴ በታመሙ ጊዜ እኔም እንደዚያ ብዬ ወጥቻለሁ። ሻጩ ቀና ብሎም አላየኝም፤ በቀን ስንቱ እንደዚያ ብሎት እንደሚሄድ እሱ ያውቃል። ስለዚህ እፍረቱን ለጊዜው እናቆየውና ከቅላቱ እንጀምር። ሌላው ሁሉ አንድ ሳምንት ቢያድር ምንም አይልም፤ እሱ ግን አያድርም።

ዛሬ ማታ ልብሳቸውን ስትቀይሪ ቅላቱን በጣትሽ ጫን አድርገሽ ልቀቂው። ነጣ ብሎ ከተመለሰ ገና ጊዜ አለሽ። ጣትሽን አንስተሽም እንደቀላ ከቀረ የመኝታ ቁስል ጀምሯል ማለት ነው። ቆዳቸው ጠቆር ያለ ከሆነ ቅላቱ በዓይን ላይለይ ስለሚችል በእጅሽ ጀርባ ዳሺው፤ ከዙሪያው ይልቅ ከሞቀ ወይም ከጠጠረ ያው ነው። ቆዳው ተልጦ ወይም ውሃ ቋጥሮ ካገኘሽው ግን ደብዳቤዬን ማንበቡን ተዪና በዚያው ቀን ለጤና ባለሙያ አሳዪ።

የአየር ፍራሽ ጥሩ ነገር ነው፤ ያለው ሰው ግን ከማገላበጥ አያመልጥም። ዋናው መድኃኒት በየሁለት ሰዓቱ ጎን መቀየር ነው፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ ቅላቱ ከለቀቀ በኋላም አንዴ በጀርባ። በጎን ሲተኙ ከጀርባቸው ትራስ ደግፊ፣ በጉልበቶቻቸው መካከልም አንድ አድርጊ። ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ትራሱን ከባታቸው ሥር አስገቢው፤ ተረከዙ በአየር ላይ ይቅር። ጓንት ውሃ ሞልተው ከተረከዝ ሥር ሲያደርጉ አይተሽ ይሆናል፤ እንደ ቀለበት መሐሉ ክፍት የሆነ መቀመጫም አለ። ሁለቱንም ተያቸው፤ ጫናውን ከአንድ ቦታ አንስተው ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚቆልሉት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ከቤትሽ ትራስ በቀር የምትገዢው የለም።

ሌሊቱ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጠዋት ሥራ አለሽ። ወንድምሽ የሌሊት ተራ ይዞ ያውቃል? ነገር ፍለጋ አይደለም የምጠይቅሽ። ቪዲዮ መቅረጽ የሚመጣለት ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ላድርግ እያለ የሚሠራው ያጣ ሰው ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እናቱን በጎን የሚያዞር ልጅ መርዳቱን በእጁ ያውቀዋል።

ነገ ደግሞ የአካባቢሽን ጤና ጣቢያ ሂጂና የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ድረስ እንድትመጣ ጠይቂ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት አብዛኞቹ በነርስነት የሠለጠኑ ናቸው፤ ቤት ለቤት መሄድም የሥራቸው ክፍል ነው። ግፊታቸውን ትለካለች፣ ቅላቱን ታያለች፣ ፋሻው በየስንት ቀኑ መቀየር እንዳለበት ትነግርሻለች። ምናልባት የምትቀይሪው ከሚያስፈልገው በላይ ይሆናል። ስለ ጓንቱም ጠይቂያት። ዳይፐር ለመቀየር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ታሽጎ የሚሸጠው የቀዶ ሕክምና ጓንት አያስፈልግሽም፤ መቶ ፍሬ በካርቶን የሚመጣው ተራው የምርመራ ጓንት ይበቃል። የዋጋው ልዩነት ብዙ ነው።

አሁን ወደ ደረጃው ሥር እንውረድ።

አባቴ ካረፉ በኋላ ባለአራት እግር ምርኩዛቸው ከመኝታ ቤታችን በር ኋላ ሁለት ዓመት ቆመ። ልብሳቸውን ለአርባቸው አከፋፍለናል፤ ኮታቸውን አንድ የቆሎ ተማሪ፣ ጫማቸውን ዘበኛው ወስዷል። ምርኩዙን ግን ማንም አልጠየቀን፣ እኛም ለማን እንስጥ ብለን አላሰብንም። በሩን በከፈትን ቁጥር ግድግዳውን ኳ ያደርግ ነበር። እናቴ ያን ድምፅ ሰምታ «እሳቸው ተነሡ» የምትልበት ጊዜ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ «እባካችሁ አውሱኝ» ቢለን ምን ያህል በቀለለን! ሳይታመም የሚጠይቅ የለም፣ የታመመበት ደግሞ ያፍራል። በዚህ ምክንያት በየሰፈራችን ስንት ዊልቸር፣ ስንት ምርኩዝ፣ ስንት ያልተከፈተ ዳይፐር ከበር ኋላና ከአልጋ ሥር እንደተቀመጠ አስቢው። አንቺ የምትፈልጊው ዕቃ አብዛኛው ከመደብሩ ይልቅ በእነዚህ ቤቶች ነው ያለው ብዬ አምናለሁ።

እና ልጠይቅሽ፤ ከባለቤታቸው አርባ ወዲህ እኚህን ጎረቤትሽን ገብተሽ ጠይቀሻቸዋል? ዊልቸሩን ቤት ሊያስገቡት አልቻሉም፣ ሊጥሉትም አልቻሉም፤ ደረጃ ሥር ያለ ዕቃ በመውጣትና በመግባት መሐል የቀረ ዕቃ ነው። አንቺም በቀን ሁለት ጊዜ ታዪዋለሽ፣ እሳቸውም በቀን ሁለት ጊዜ ያዩታል። እሑድ ከሰዓት ቡና ይዘሽ ውረጂ። ስለ ባለቤታቸው ጠይቂያቸው፤ ስንት ጊዜ ታመሙ፣ ማን ያነሣቸው ነበር፣ ወደ ውጭ እንዴት ያወጧቸው ነበር? ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በሕንፃችሁ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የለም። ከዚያ «እናቴ እስክትነሣ ድረስ ዊልቸሩን ቢያውሱኝ» በያቸው። «ስጡኝ» አይደለም፣ «አውሱኝ» ነው። ውሰት የሚመለስ ነገር ስለሆነ ለእሳቸውም ይቀላል፤ የባላቸውን ዕቃ ሰጥተው የጨረሱ አይመስላቸውም። «አይሆንም» ካሉሽም ቡናውን ጠጥታችሁ ትለያያላችሁ፤ የሚጎድልብሽ ነገር የለም። እኔን ብትጠይቂኝ ግን እምቢ አይሉሽም።

ከመውሰድሽ በፊት ግን እናትሽን አስቀምጠሽበት እዪ። ሰው ሁሉ የተገኘውን ዊልቸር በደስታ ይቀበላል፤ ያልተመቸ ዊልቸር ግን ራሱ ቁስል ያመጣል። ሲቀመጡ ከዳሌያቸው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል፤ ከዚያ ከሰፋ ወደ አንድ ጎን እየተንሸራተቱ ይቀመጣሉ። ጨርቁ ረግቦ እንደ አሮጌ የጠፍር አልጋ ጎድጎድ ካለ ጠንከር ያለ ስፖንጅ በልክ አስቆርጠሽ አንጥፊበት። ፍሬኑን ሞክሪ። ጎማው ከተነፈሰ የሰፈር ብስክሌት ጠጋኝ ይሠራዋል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ፤ የእናትሽ ግራ እጅና ግራ እግር ደኅና ነው። መቀመጫው ዝቅ ያለ ሆኖ ግራ እግራቸው መሬት ከደረሰ በአንድ እጅና በአንድ እግር ራሳቸውን እየገፉ ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ ይችላሉ። ያንን ከቻሉ ቁጣቸው ግማሹ የሚቀንስ ይመስለኛል።

ለነገሩ ፊዚዮቴራፒ ይሄዳሉ? በደብዳቤሽ አላነሣሽውም። አምስት ወር ገና ነው። ባለሙያው አይቷቸው የሚያስፈልጋቸው ዊልቸር ሳይሆን እንደ አባቴ ያለ ባለአራት እግር ምርኩዝ ነው ሊልሽ ይችላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት በሌለበት ቤት ዊልቸሩ ለየት ነው? ለበረንዳ ነው? ለቤተ ክርስቲያን ነው? እናትሽን ጠይቂያቸው። አንድ የማውቀው ቤተሰብ ለዊልቸር ብዙ ደክሞ ካገኘ በኋላ ነው አባትየው የሚፈልጉት ከበረንዳ ሆነው መንገዱን ማየት ብቻ እንደነበር ያወቀው። የተደገፈ ወንበር ይበቃቸው ነበር።

ስለ እድሩ ልንገርሽ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ያድ ሳራ» የሚባለውን ድርጅት ያውቁታል። በአውሮፓውያን 1976 ኢየሩሳሌም ውስጥ የተጀመረ ነው። ኡሪ ሉፖሊያንስኪ የሚባል አስተማሪ ልጁ ታምሞበት ለመተንፈስ የሚረዳ የእንፋሎት ማሽን ከጎረቤት ተዋሰ። ከዚያ ጥቂት ማሽኖች ገዝቶ ከቤቱ ለሚፈልግ ሁሉ ያውስ ጀመር። ዛሬ ያ ሥራ አገር አቀፍ ሆኖ ዊልቸር፣ ምርኩዝ፣ የሕመምተኛ አልጋ ያውሳል፤ መያዣ ታስይዣለሽ፣ ዕቃውን ስትመልሺ መያዣሽን ትወስጃለሽ። ሰውዬው ኋላ የኢየሩሳሌም ከንቲባ ሆኗል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የታወሰኝ የእኛ እድር ነው። እድር ምን የሌለው ነገር አለ? ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ዕቃ ቤት አለው፣ ቆጥሮ የሚያወጣና ቆጥሮ የሚያስገባ ሰው አለው፣ የሰበረውን የሚያስከፍልበት ደንብ አለው። የጎደለው ከድንኳኑ አጠገብ የሚቆሙ ሁለት ዊልቸሮችና ሦስት ምርኩዞች ናቸው።

እናትሽ «ልሰለፍ ወይ» ያሉት እውነታቸውን ነው። ሃያ ምናምን ዓመት የሌላውን ገንዘብ ሲቆጥሩ የኖሩ ሴት ወረቀት ይዘው በር ላይ አይቆሙም፣ አንቺም አታቁሚያቸው። ግን ማመልከቻውን ራሳቸው ቢያረቁትስ? ለእኔ እርዱኝ የሚል አይደለም። «እድራችን ለአባላት በውሰት የሚሰጥ የሕሙማን ዕቃ ይኑረው፤ ሰው ያረፈበት ቤት ዕቃውን ለእድሩ ይስጥ፣ ዕቃ ቤቱ ይመዝግብ» የሚል ነው። እሳቸው ይናገሩ፣ አንቺ ጻፊ። ስንት ብር በካዝና እንዳለ፣ የትኛው ቤት ማን እንደታመመ፣ ዳኛውን በየት በኩል እንደሚያሳምኑት ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በግራ እጃቸው ይፈርሙ። ዊልቸሩ ለእሳቸው ሳይደርስ ለሌላ ሰው ቢሄድ እንኳ አልጋ ላይ ሆነው የሚያስቡት ነገር ያገኛሉ። ፈቃደኛ ካልሆኑ ግን አትጫኛቸው፤ ቃላቸውን ሰብረሽ ከኋላቸው ለእድሩ ብትነግሪ የምታገኚው ዕቃ የምታጪውን እምነት አይተካውም።

ወደ ዳይፐሩ ልመለስ፤ ኪስሽን የሚበላው እሱ ነው። በቀን አራት ማለት በወር 120 ነው። እናትሽ ንግግራቸው ከተመለሰ ሽንታቸው ሲመጣ ይነግሯችኋል? የሚያውቁት ከሆነ ቀን ቀን ዳይፐር ላያስፈልግ ይችላል። ከእንቅልፍ ሲነሡ፣ ከምግብ በኋላ፣ ከዚያ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በግራ ጎናቸው በኩል ፖፖ ላይ አስቀምጧቸው። ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን በስታችሁ፣ ጠርዙን አለስልሳችሁና ጨርቅ ጠቅልላችሁበት፣ ከግድግዳ አስደግፋችሁ ከሥሩ ባልዲ ብታደርጉ መደብር ውስጥ ተወድዶ የሚሸጠው ወንበር ማለት ነው። ብረት የሚሻል መስሎ ከታየሽ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚበይዱልሽ አይጠፉም። ዳይፐሩ ለሌሊትና ለመንገድ ብቻ ከሆነ 120ው ወደ 40 ወይም 50 ይወርዳል። ቀን አልጋ ላይ ሲሆኑ የድሮ ነጠላ ወይም አንሶላ ደራርበሽ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፊ፤ ላስቲኩ ብቻ ቆዳቸውን አይንካ። የዳይፐሩን ልክም እዪ፤ ብዙ ሰው እንዳያፈስ ብሎ ትልቁን ይገዛል፣ የሚያፈሰው ግን የሰፋው ነው። ደግሞ አደራ፣ ዳይፐር ለመቆጠብ ብለሽ ውሃ አትቀንሺባቸው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፤ ጉዳቱ ከዳይፐሩ በላይ ነው የሚያስከፍለው።

መድኃኒቱን በተመለከተ እናትሽ በቂርቆስ ወረዳቸው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነበሩ? ከሆኑ ደብተሩ መታደሱን አረጋግጪ፤ ካልሆኑ ምዝገባው የሚከፈትበትን ጊዜ ወረዳውን ጠይቂ። ፍጹም መክፈል የማይችሉትን መንግሥት የሚከፍልላቸው አሠራርም አለው። ከኪስሽ ስትገዪ መጀመሪያ የከተማው አስተዳደር የሆኑትን የከነማ ፋርማሲዎች፣ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የሚያስተዳድራቸውን ፋርማሲዎች፣ እና በመንግሥት ሆስፒታሎች ግቢ ያሉትን እዪ። ሁሌ ሁሉ ነገር አይኖራቸውም፣ ወረፋም አለ፤ የሚኖራቸው ግን ብዙውን ጊዜ ከግል መድኃኒት ቤት ይረክሳል። መድኃኒቱን በፋብሪካ ስሙ ሳይሆን በራሱ ስም ጠይቂ፤ ለምሳሌ የታዘዘላቸው አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ከሆነ «ከአምሎዲፒን ርካሹ የትኛው ነው?» በዪ። ሐኪሙ እስካልከለከለ ድረስ ካርቶኑ ያማረው የግድ የተሻለ አይደለም። ዕቃ ከሰው ተዋሺ፣ የተከፈተ መድኃኒት ግን ከማንም አትቀበዪ። «ለእኔ ተስማምቶኝ ነበር» የሚለው ቃል ለግፊት ክኒን አይሠራም።

በነፃ የሚሰጥ ዊልቸር ከፈለግሽ ወይም የጎረቤትሽ ካልተመቸ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አንዱ በር ነው። በእርዳታ የሚመጡ ዊልቸሮች ብዙ ጊዜ በእነሱ ዝርዝር በኩል ያልፋሉ። የሐኪም ማስረጃ፣ መታወቂያና አጭር ማመልከቻ ይዘሽ ሂጂ፤ ስማቸው መመዝገቡን በዓይንሽ እይና ውጪ። ሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ካለው እሱንም አነጋግሪ፤ የትኛው ድርጅት ሰሞኑን ምን እንደሚያከፋፍል ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ሆናችሁ ለምታነቡኝ ደግሞ ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ አሰላና አርባ ምንጭ የአካል ተሃድሶ ማዕከሎች አሉ፤ ምርኩዝና ዊልቸር በልክ አይተው የሚሰጡ ባለሙያዎች የሚገኙት እዚያ ነው። «ነፃ ዊልቸር አለ፣ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል አስገቢ» የሚል ስልክ ከመጣልሽ ግን ዝጊው።

ወንድምሽን በቁጣ አትመልሽው። የሚለው ነገር ለአንዳንድ ሰው ሠርቷል፣ አይቷልም። ግን እናታችሁ መልሳቸውን ሰጥተዋል፤ እራታቸውን ሳይበሉ አድረዋል። አንዴ የተለቀቀ ቪዲዮ ደግሞ እሳቸው ድነው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ከፊታቸው ይቀድማል። ይልቅ ስልክ ላይ ጎበዝ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ያለ ፎቶና ያለ ስም በቤተሰብ ቴሌግራም፣ በሕንፃችሁ ነዋሪዎች ቡድንና በጽዋ ማኅበራችሁ ይላክ፦ «ለታመሙ እናታችን ለጥቂት ወራት ባለአራት እግር ምርኩዝና የአየር ፍራሽ እንፈልጋለን። ቤቱ አስቀምጦ የማይጠቀምበት ካለ በውሰት እንወስዳለን፣ አጥበን እንመልሳለን። በቅናሽ የሚሸጥም ካለ በግል ያናግረን።» ገንዘብ ያልተጠየቀበት መልእክት እንዴት በፍጥነት እንደሚመለስ ታያለሽ። ከመላኩ በፊት ለእናታችሁ ይነበብላቸው፤ ምናልባት አንድ ቃል ያርሙበታል።

የአሜሪካዋን ዘመድሽን ዳይፐር አምጪ አትበያት፤ ሻንጣዋን ሞልታ የምታመጣው ብዙ አይቆይም። በዚያ ፈንታ ጥሩ የዊልቸር መቀመጫ ትራስና በክንድ የሚለካ የግፊት መለኪያ ታምጣ። ሁለቱም ቀላል ናቸው፣ ለዓመታት ያገለግላሉ። ለዳይፐሩ የምታወጣውን ብር እዚሁ ትላክልሽ። እዚያ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበሮች አንዳንዴ «ብዙ ዕቃ ሰብስበን እንላክ» ይላሉ፤ ሐሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን በብዛት የሚገባ የሕክምና ዕቃና መድኃኒት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል ማለፍ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በእርዳታ የሚላክ መድኃኒት አገር ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው መሆን አለበት ይላል። ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ ነገር መላክ ለተቀባዩ የማቃጠያ ወጪ መላክ ነው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ሳምንት አታድርጊያቸው። ዛሬ ማታ ቅላቱን እዪ፣ ነገ ጤና ጣቢያ፣ እሑድ ቡና። የእድሩን ነገር እናትሽ ደስ ያላቸው ቀን አንሺባቸው። ወደ ጎረቤትሽ ከመውረድሽ በፊት ግን ከልብስ ሰፊ ሜትር ተበድረሽ የመታጠቢያ ቤትሽን በር ለኪ። የኮንዶሚኒየም በር ጠባብ ነው፤ ዊልቸሩ ሦስት ፎቅ በሰው ትከሻ ወጥቶ በሩ ላይ እንዳይቆምባችሁ።